ፀሐይ ለማያይ ጠረጴዛ የሚሆን ተክል ፍለጋ፦ ከደሴ የተጻፈ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ጥቅምት 4

የምሠራበት የመዝገብ ክፍል ደሴ ውስጥ በአንድ አሮጌ ሕንፃ ምድር ቤት ይገኛል። ያለው መስኮት አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ወደ ሰሜን የሚያይ ሲሆን ከፊቱ ሦስት ሜትር ያህል ራቅ ብሎ የጎረቤት ግንብ አጥር ቆሟል። ጠረጴዛዬ ከመስኮቱ ሁለት ሜትር ተኩል ገባ ብሎ በመዝገብ መደርደሪያዎች መካከል ተቀምጧል። ባለፉት ሁለት ዓመታት በዚህ ጠረጴዛ ላይ ሁለት ተክሎች አስቀምጬ ሁለቱም ሞተውብኛል። አንደኛው አበባው አምሮኝ የገዛሁት ጄራንየም ነበር፤ ሁለተኛውን ደግሞ ስሙን እንኳ ሳልጠይቅ በቅጠሉ ውበት ብቻ ወሰድሁት። በዚህ ዓመት አካሄዴን ለመገልበጥ ወስኛለሁ፤ አስቀድሜ ክፍሉን አጠናለሁ፣ ከዚያም በዚህ ክፍል ሊኖር የሚችለውን ተክል እፈልጋለሁ። የማደርገውንም ሁሉ እጽፋለሁ፤ ያን ጊዜ ተክሎቹ መቼ ውኃ እንደጠጡና መቼ መጠውለግ እንደጀመሩ መዝግቤ ቢሆን ኖሮ ምን እንደገደላቸው ዛሬ ባወቅሁ ነበር።

ተክሉ መቻል ያለበት የብርሃን እጥረትን ብቻ አይደለም። ቢሮው ከዓርብ ማታ እስከ ሰኞ ጠዋት ይዘጋል፤ እኔም በመስክ ሥራና በዕረፍት ምክንያት በዓመት ሁለት ጊዜ ያህል ለሁለት ሳምንት እለያለሁ። ደሴ በጦሳ ተራራ ሥር ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ስለሆነች ማሞቂያ የሌለው ክፍል ሌሊት እንደሚቀዘቅዝ አውቃለሁ፤ ምን ያህል እንደሚቀዘቅዝ ግን ለክቼ አላውቅም። በመጨረሻም ተክሉ ቀጥ ብሎ የሚያድግ ቢሆን እመርጣለሁ፤ መዝገብ ሲገለጥ ቅርንጫፉ ወረቀት ላይ የሚተኛ ከሆነ ሥራ ያስተጓጉላል።

ጥቅምት 6

ዛሬ ብርሃን ለካሁ። ስልኬ ላይ የብርሃን መለኪያ መተግበሪያ ጭኜ ጠዋት በ4 ሰዓት፣ በቀትርና ከሰዓት በኋላ በ9 ሰዓት አነበብሁ። የስልክ መለኪያ የቤተ ሙከራ መሣሪያ አይደለም፤ ቦታን ከቦታ ለማወዳደር ግን በቂ ነው። ግቢው ውስጥ በጠራራ ፀሐይ ከ90,000 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ አሃድ) በላይ አሳየኝ። በመስኮቱ ደፍ ላይ 1,300፣ በጠረጴዛዬ ላይ 170፣ ከጀርባዬ ባለው መደርደሪያ ላይ 55 ሆነ። የጣሪያውን መብራቶች ሳበራ ጠረጴዛዬ ወደ 290 ከፍ አለ።

እነዚህ ቁጥሮች ያስደነገጡኝ ዓይኔ ይህን ሁሉ ልዩነት ስላልነገረኝ ነው። የሰው ዓይን ብሌኑን እያሰፋና እያጠበበ ስለሚላመድ በግቢውና በክፍሉ መካከል ያለው ልዩነት ጥቂት ሆኖ ይታየዋል፤ ቅጠል ግን የሚሠራው በደረሰው ብርሃን ልክ ብቻ ነው። በብርሃን አስተፃምሮ የሚያዘጋጀው ምግብ ለመኖር ከሚያቃጥለው ካነሰ፣ ተክሉ ያጠራቀመውን እየበላ ቀስ በቀስ ያልቃል። ጄራንየሙ የሞተው እንዲህ ሳይሆን አይቀርም። የቤት ውስጥ ተክል መመሪያዎች ዝቅተኛ ብርሃን ብለው የሚጠሩት በግምት ከ250 እስከ 1,000 ሉክስ ያለውን ስለሆነ፣ ጠረጴዛዬ ከዝቅተኛው ደረጃ ውስጥ የሚገባው መብራት ሲበራ ብቻ ነው ማለት ነው። ስለዚህ ሁለት ውሳኔ ወሰንሁ። ጠረጴዛውን አንድ ሜትር ወደ መስኮቱ አስጠጋሁት፤ ልኬቱም ያለ መብራት 310፣ ከመብራት ጋር 420 ሆነ። በተጨማሪም ፍለጋዬን ዝቅተኛ ብርሃን በሚችሉ ተክሎች ብቻ ለመወሰን ተስማማሁ። የሚችሉ ማለቴን ልብ ይሏል፤ ጨለማን የሚወድ አረንጓዴ ቅጠል የለም፤ ያለው ዝግ ብሎ በመኖር ችግሩን የሚያሳልፍ ነው።

ስልክ የሌለው ሰው በነጭ ወረቀት ሊሞክረው ይችላል። በቀትር ወረቀቱን ተክሉ በሚቀመጥበት ቦታ ዘርግቶ እጁን ከወረቀቱ አንድ ስንዝር ተኩል ያህል ከፍ አድርጎ ይያዝ። ጥላው ጠርዙ የለየለት ከሆነ ብርሃኑ ብዙ ነው፤ የእጁ ቅርጽ ደብዝዞም ቢሆን ከታየ ዝቅተኛ ብርሃን የሚችሉ ተክሎች ይኖሩበታል፤ ምንም ጥላ ካልታየ ተክል ባያስቀምጥ ይሻላል።

ጥቅምት 9

ኮምቦልቻ ወርጄ ከአንድ የችግኝ ሻጭ ሦስት ተክሎች ገዛሁ። የመጀመሪያው ሻጮቹ ስኔክ ፕላንት የሚሉት፣ ቅጠሉ እንደ ጎራዴ ቀጥ ብሎ የሚቆመውና ጠርዙ ቢጫ የሆነው ሳንሴቬሪያ ነው። አገሩ ምዕራብ አፍሪካ ሲሆን ዘመዶቹ በእኛም አገር ቆላማ ቦታዎች በዱር ይበቅላሉ፤ ከቅጠላቸውም ለገመድ የሚሆን ጭረት ይወጣል። ሁለተኛው ዚዚ የሚባለው ነው። ይህኛው ከኬንያ እስከ ደቡብ አፍሪካ ባለው የምሥራቁ የአህጉራችን ክፍል የሚገኝ ሲሆን፣ ከአፈር በታች ድንች በሚመስል ወፍራም ግንዱ ውኃ ያጠራቅማል፤ ቅጠሎቹም በሰም የተወለወሉ ይመስላሉ። ሦስተኛው ፖቶስ ነው፤ እሱ ከሰላማዊ ውቅያኖስ ደሴቶች የመጣ ሐረግ ነው። ሻጩ የሸረሪት ተክል የሚሉትንም አሳይቶኝ ነበር፤ ቅጠሉ ወደ ጎን እየተዘረጋ ስለሚንጠለጠል ለመዝገብ ጠረጴዛ እንደማይሆን አይቼ ተውሁት።

ሻጩ ተክሎቹን የሚያሳድገው በጥላ መረብ ሥር ነው። ይህ ለእኔ ጥሩ ዜና ነበር፤ በጠራራ ፀሐይ ያደገ ተክል በድንገት ወደ ጨለማ ክፍል ሲገባ ቅጠሉን ያራግፋል። ያሳሰበኝ ቅዝቃዜው ነው። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የሐረጎን ዳገት ወጥተን ደሴ ስንደርስ ከ600 ሜትር በላይ ከፍ ብለናል፤ በዚህ ከፍታ ልዩነት ሙቀቱ በአራት ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ተክሎቹን በጋዜጣ ጠቅልዬ በታክሲ ሳመጣቸው የጥቅምቱ ነፋስ በመስኮት እንዳይመታቸው ጭኔ ላይ ይዣቸው ነበር።

ጥቅምት 12

ዛሬ አፈር ቀየርሁላቸው። የአካባቢያችን ጥቁር ዋልካ ሲረጥብ እንደ ጭቃ ተጣብቆ አየር ይከለክላል፣ ሲደርቅ ደግሞ ይሰነጠቃል፤ በዚህ ምክንያት ለመትከያ አይሆንም። ሁለት እጅ ኮምፖስት፣ አንድ እጅ የወንዝ አሸዋ፣ አንድ እጅ ደቃቅ ጠጠር ቀላቀልሁ። በሙሉ ከሥራቸው ቀዳዳ ያላቸውን መትከያዎች ተጠቀምሁ፤ ቀዳዳ የሌለው የሚያምር ዕቃ ያለው ሰው ተክሉን ባለ ቀዳዳ ዕቃ ውስጥ ተክሎ እሱን በሚያምረው ውስጥ ቢያስቀምጥ ይሻለዋል።

በዚህ ሥራ ላይ ለብዙ ዓመታት ስሳሳት የኖርሁትን ነገር አረምሁ። ውኃው ቶሎ እንዲወርድ ከመትከያው ሥር ጠጠር መደርደር በየቤቱ የተለመደ ነው፤ እኔም እንዲሁ አደርግ ነበር። ነገር ግን ውኃ ከደቃቅ አፈር ወደ ሸካራ ጠጠር በቀላሉ አይሻገርም፤ ከጠጠሩ በላይ ያለው አፈር እስኪጠግብ ድረስ እዚያው ይንጠለጠላል። ጠጠሩ እንግዲህ ጭቃውን ወደ ሥሩ አቅርቦ ይይዘዋል እንጂ አያጠፋውም። ጠጠር የሚጠቅመው ከአፈሩ ጋር ሲቀላቀል ነው።

ተክሎቹን ውኃ አጠጥቼ ከተንጠፈጠፉ በኋላ በወጥ ቤት ሚዛን መዘንኋቸው፦ ዚዚ 1,620 ግራም፣ ሳንሴቬሪያ 1,580 ግራም፣ ፖቶስ 1,410 ግራም። ከዚህ በኋላ ውኃ የማጠጣው በሚዛኑ እየተመራሁ ነው።

ኅዳር 3

በሦስት ሳምንት ውስጥ ፖቶስ 290 ግራም ውኃ አጥቷል፤ ዚዚ 150፣ ሳንሴቬሪያ 130 ብቻ። ሳንሴቬሪያ የቅጠሉን ቀዳዳዎች ቀን ዘግቶ ሌሊት ስለሚከፍት ብዙ ውኃ አይተንበትም። ፖቶሱን አጠጣሁት፤ ሁለቱን አልነካኋቸውም። የአፈራቸው ገጽ ደርቆ ነጣ ብሏል፤ ቀጭን የእንጨት ስንጥር እስከ ሥር ድረስ ሰክቼ ሳወጣው ግን ከግማሽ በታች እርጥብ ነበር። ገጹን ብቻ አይቶ የሚፈርድ ሰው ዛሬ ሦስቱንም ያጠጣ ነበር።

ኅዳር 19

የኅዳር ሰማይ ጥርት ብሏል፤ ሌሊቱ ይቆረጥማል። ዝቅተኛውን ሙቀት መዝግቦ የሚያቆይ ቴርሞሜትር ተውሼ ለአራት ሌሊት አስቀመጥሁ። በጠረጴዛዬ ላይ 12 ዲግሪ፣ በመስኮቱ ደፍ ላይ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ደርሶ አገኘሁት። ሰኞ ጠዋት፣ ክፍሉ ሁለት ቀን ከተዘጋ በኋላ፣ ከሁሉ የከፋ ነው።

ፖቶሱ አራት ቅጠሎች ቢጫ ሆነውበታል፤ ሁለቱ ላይ ጥቁር እርጥብ ነጠብጣብ ወጥቷል። ሐረጉ ከ15 ዲግሪ በታች መኖር ይከብደዋል። በብርሃን በኩል ይህን ክፍል ይችለው ነበር፤ ያሸነፈው ቅዝቃዜው ነው። ስለ ቢሮ ተክል የሚጻፈው አብዛኛው ምክር የተጻፈው በብርድ ወራት ማሞቂያ ለሚሠራባቸው ሕንፃዎች መሆኑን እዚህ ላይ ተረዳሁ፤ ፖቶስ በእነዚያ ምክሮች ውስጥ ሁልጊዜ ከመጀመሪያዎቹ ተርታ ይቀመጣል፤ በደሴ ኅዳር ግን ያ ምክር አይሠራም። ተክሉ ሳይሞት ኮምቦልቻ ለሚኖር ባልደረባዬ ሰጠሁት።

ታኅሣሥ 10

ዛሬ የሳንሴቬሪያው ሚዛን 1,600 ግራም አሳየ። ከጥቅምት ወዲህ አንዲት ጠብታ አላጠጣሁትም። ዚዚውም 1,640 ሆኗል። ከአፈሩ ላይ ትናንሽ ጥቋቁር ዝንቦች ብድግ ይላሉ፤ እነዚህ እንቁላላቸውን የሚጥሉት ሁልጊዜ እርጥብ በሆነ አፈር ውስጥ ነው።

ክፍላችንን የሚያጸዱትን እናት ጠየቅኋቸው። «እትዬ፣ እነዚህን ተክሎች ውኃ የሚያጠጡት እርስዎ ነዎት?» አልኋቸው። «እኔ ነኝ እንጂ ልጄ፤ አፈሩ ነጥቶ ሳየው አንጀቴ አልችል አለኝ። ጠዋት ጠዋት ከባልዲው ቀንሼ ጠብ አደርግላቸዋለሁ» አሉኝ። የቡና አተላም አንዳንድ ቀን እንደሚጨምሩበት ነገሩኝ። ይህን ሁሉ ያደረጉት በርኅራኄ ነው፤ ጥፋቱ ሳልነግራቸው የቀረሁት የእኔ ነው። አብረን ሳንሴቬሪያውን ከመትከያው አወጣነው። ከአምስቱ ቅጠሎች ሁለቱ ከሥራቸው ቡናማ ሆነው ልመዋል፣ ሽታቸውም ተለውጧል። ውኃው የፈሰሰው በቅጠሎቹ መካከል ባለው ጉድጓድ ስለሆነ እዚያው ተኝቶ አበስብሷቸዋል። ሥር መተንፈስ ያስፈልገዋል፤ በአፈሩ ቅንጣቶች መካከል ያለው አየር በውኃ ሲተካ ሥሩ ታፍኖ ይሞታል፣ የሞተውንም ሻጋታ ይወርሰዋል። በብርሃን እጥረትና በብርድ ላይ ሲሆን ደግሞ ተክሉ ስለማይጠጣ ውኃው የሚሄድበት የለም።

የበሰበሰውን በንጹሕ ቢላዋ ቆርጬ ጣልሁ፤ የቀረውን ለአራት ቀን ሳልተክል በጥላ እንዲደርቅ አስቀምጣለሁ። ከተቆረጡት ቅጠሎች ጤነኛውን የላይኛ ክፍል በጣት ርዝመት ከፍዬ፣ ታችና ላዩ እንዳይገለበጥ ምልክት አድርጌ፣ በአሸዋ ውስጥ ተከልሁ።

የዚዚውን አፈር ጫር አድርጌ ግንዱን በጣቴ ዳሰስሁት፤ ጠንካራ ነው። ከታች ሁለት ትናንሽ ቅጠሎች ቢጫ ከመሆናቸው በቀር ሌላ ጉዳት አላየሁበትም።

ጥር 13

ለገና ከታኅሣሥ 29 ጀምሮ ወደ ሐይቅ፣ ወደ ቤተሰቦቼ ሄጄ ጥምቀትን አሳልፌ ተመለስሁ። አሥራ አራት ቀን ማንም አልነካቸውም። ዚዚው 1,450 ግራም ነው፤ አንድም ቅጠል አልጣለም። ዝንቦቹ የአፈሩ ገጽ በመድረቁ ጠፍተዋል። በቅጠሎቹ ላይ የተቀመጠውን የበጋ አቧራ በእርጥብ ጨርቅ አንድ በአንድ ጠረግሁ፤ ያለችውን ጥቂት ብርሃን አቧራ እንዳይቀማት ይህ ሥራ በወር አንድ ጊዜ መደረግ አለበት።

የካቲት 20

ዛሬ ወሰንሁ፤ በጠረጴዛው ላይ የሚቀረው ዚዚው ነው።

እስከ ታኅሣሥ ድረስ ሳንሴቬሪያውን እንደምመርጥ እርግጠኛ ነበርሁ። ቅርጹ ቀጥ ያለ ነው፣ ቦታ አይፈጅም፣ ብርድንም ከፖቶስ ይልቅ ይችላል። ከመበስበስ ከዳነ በኋላ ያወጣው አዲስ ቅጠል ግን ሐሳቤን አስለወጠኝ፤ ከአሮጌዎቹ በግማሽ የቀጠነ፣ ልል ብሎ ወደ መስኮቱ የተጎነበሰ ቅጠል ነው። ተክሉ 420 ሉክስ ላይ አልሞተም፤ የሚያወጣው ግን እንዲህ ያለ ደካማ ቅጠል ነው። ዚዚው በዚሁ ቦታ ከአራት ወር በላይ ቆይቶ አዲስ ዘንግ አላወጣም፤ ያሉትን ስድስት ዘንጎች ግን እንደ መጡበት ቀን አንጸባርቀው ጠብቋቸዋል። ለእኔ ጠረጴዛ ይህ ይበልጣል። ከሁሉ በላይ የመዘንሁት በዚህ ክፍል የትኛው ስሕተት ደጋግሞ ሊፈጸም እንደሚችል ነው። እኔ ስረሳ ውኃ ያጣል፤ ሰው ሲያዝንለት ውኃ ይበዛበታል፤ ሌሊቱም ይቀዘቅዛል። ዚዚው ሦስቱንም በአንድ በጋ አይቶ ሁለት ትናንሽ ቅጠሎች ብቻ አጥቷል። ሳንሴቬሪያውን ወደ መስኮቱ ደፍ አዛወርሁት፤ የየካቲት ሌሊት ስለሞቀ አሁን እዚያ ይችላል።

ለባልደረቦቼ ሁለት ነገር መናገር ነበረብኝ። አንደኛ፣ ዚዚ በውስጡ መርፌ መሰል የካልሲየም ኦክሳሌት ቅንጣቶች ስላሉት ቢታኘክ አፍና ጉሮሮ ያቃጥላል፤ ባለጉዳዮች ሕፃናት ይዘው ስለሚመጡ መትከያውን ከጠረጴዛው ውስጠኛ ጥግ አድርጌዋለሁ። ሁለተኛ፣ አየር ያጠራልናል ብለው የተደሰቱትን ማሳዘን ግድ ሆነብኝ። ይህ እምነት የተስፋፋው የአሜሪካው የጠፈር ተቋም ናሳ እ.ኤ.አ. በ1989 ካወጣው ጥናት ነው፤ ሙከራው የተደረገው ግን በታሸጉ ትናንሽ ሳጥኖች ውስጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ የጥናቶች ግምገማ፣ ተክሎች በመደበኛ ክፍል ውስጥ መስኮት የመክፈትን ያህል እንዲያጠሩ ከተፈለገ በአንድ ካሬ ሜትር ቢያንስ አሥር ያህል እንደሚያስፈልጉ አሳይቷል። ተክሉን የምፈልገው ቀኑን ሙሉ ወረቀት ያየ ዓይኔ የሚያርፍበት አረንጓዴ ነገር እንዲሆነኝ ነው፤ ይህ ለእኔ በቂ ምክንያት ነው።

ግንቦት 11

ዛሬ ጠዋት ከ2 ሰዓት ተኩል በኋላ በመስኮቱ ደፍ ላይ ቀጥተኛ ፀሐይ አየሁ። ወደ ሰሜን የሚያይ መስኮት ፀሐይ አይገባውም የሚለው ምክር ለአውሮፓ በአብዛኛው እውነት ነው። ደሴ ግን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነች፣ ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ፀሐይ በቀትር ከአናታችን አልፋ ወደ ሰሜን ታዘነብላለች፤ ጠዋትና ማታም በሰሜን ግድግዳ ላይ አግድም ትወድቃለች። በደፉ ላይ 18,000 ሉክስ አነበብሁ። ሳንሴቬሪያው ይህን ቀስ በቀስ ስለለመደው ደህና ነው፤ አዲሱ ቅጠሉም ወፈር እያለ ነው። ባለፈው ወር ከዚዚው ቆርጬ አሸዋ ውስጥ የተከልኋቸው ትናንሽ ቅጠሎች ግን ጫፋቸው ነጥቷል፤ ወደ ውስጥ አስገባኋቸው። ጠረጴዛው ድረስ ፀሐይዋ አትደርስም።

ሐምሌ 8

ጉሙ ከጦሳ ወርዶ ከተማውን ሸፍኗል። በጠረጴዛዬ ላይ ያለው ብርሃን በቀትር 110 ሉክስ ነው፤ መብራት ስናበራ 220 ይሆናል፤ መብራት በሚጠፋባቸው ቀናት ደግሞ ተክሉም እኛም በጉሙ ብርሃን እንሠራለን። በእነዚህ ወራት አፈሩ እጅግ ቀስ ብሎ ስለሚደርቅ የማጠጫው ጊዜ ይረዝማል። ለዚዚው የመጨረሻ ውኃ የሰጠሁት ግንቦት 27 ነው።

በሰኔ መጨረሻ ከዚዚው አፈር መካከል አንድ አዲስ ዘንግ ብቅ ብሎ ነበር፤ የግንቦቱ ሙቀት የቀሰቀሰው ይመስለኛል። ዛሬ አንድ ስንዝር ደርሶ ወደ መስኮቱ አዘንብሏል፤ መትከያውን ሩብ ዙር አዞርሁት፤ በየሁለት ሳምንቱ እንዲሁ አደርጋለሁ። በታኅሣሥ በአሸዋ የተከልሁት የሳንሴቬሪያ ቅጠልም አቆጥቁጧል። ቡቃያው ሙሉ በሙሉ አረንጓዴ ነው፤ ቢጫ ጠርዝ የለውም። ይህ ዝርያ ቢጫ ጠርዙን የሚያወርሰው ከነሥሩ ሲከፈል ብቻ ነው፤ ከቅጠል ቁራጭ ሲወጣ ወደ ቀድሞ አረንጓዴነቱ ይመለሳል። አረንጓዴው የሚደርሰውን ብርሃን በተሻለ ስለሚጠቀምበት ለእኛ ዓይነቱ ክፍል እንዲያውም የተሻለ ነው፤ ቡቃያውን ከእኔ ጎን ለምትሠራው ባልደረባዬ ቃል ገብቼላታለሁ።

ጠዋት እትዬ ወለሉን ጠርገው ሲጨርሱ ወደ ጠረጴዛዬ መጡ፤ መትከያውን በሁለት እጃቸው አንሥተው ክብደቱን ለካ ለካ አደረጉና «ገና ነው» ብለው አስቀመጡት። ሚዛን ላይ ሳደርገው 1,380 ግራም ነበር፤ የማጠጣው 1,200 ሲደርስ ነው።